ልጁ ባህር ኃይል ቴክኒክ ትምህርት ቤት ለገባ ወላጅ ሁሉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ምስጋናው ልጆቻችን በሚማሩበት የአሜሪካ ባህር ኃይል ቴክኒክ ትምህርት ቤት በኦምቡድስማንነት፣ ማለትም በቤተሰብ አገናኝነት፣ ለሚያገለግሉት ወይዘሮ ነው። እግዜር ይስጥልን። ስማቸውንም ስልካቸውንም እዚህ አንጽፍም፤ የግል ጉዳይ ከመሆኑ በላይ ለሌላው ወላጅ አይጠቅመውም። እያንዳንዱ ወታደራዊ ክፍል የራሱ ኦምቡድስማን ስላለው ፔንሳኮላ፣ ፍሎሪዳ ያሉት ሴት ግሬት ሌክስ፣ ኢሊኖይ ላለ ተማሪ ሊደርሱለት አይችሉም። የምንጠቁመው አገልግሎቱን ነው። ብዙ የሐበሻ ወላጅ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ሳይሰማ ልጁ ኤ ስኩል፣ ማለትም ከመሠረታዊ ሥልጠና ቀጥሎ ያለውን የሙያ ትምህርት፣ ጨርሶ መርከብ ላይ ይመደባል።

ኦምቡድስማን የክፍሉ አዛዥ የሚሾመው፣ ደመወዝ የሌለው፣ ክፍሉንና ቤተሰቡን የሚያገናኝ በጎ ፈቃደኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ክፍል ባልደረባ ሚስት ወይም ባል ይሆናሉ። አሠራሩን በ1970 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የያኔው የባህር ኃይሉ አዛዥ አድሚራል ኤልሞ ዙምዋልት ናቸው። ያኔ የታሰበው ለመርከበኛ ሚስቶች ነበር፤ ዛሬ ወላጅም ይገለገልበታል፣ ልጁ ከፈቀደ።

«ልጁ ከፈቀደ» የምትለዋ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ተማሪው አዲስ ክፍል ሲደርስ ኦምቡድስማኑ ማንን ማነጋገር እንደሚችል የሚሞላው ቅጽ አለ። ያላገባ የ19 ዓመት ልጅ «ይሄ ለባለ ትዳር ነው» ብሎ ባዶውን ያልፈዋል። ስማችሁ እዚያ ከሌለ የሚነገራችሁ አጠቃላይ መረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ትምህርት ቤቱ በደረሰ በመጀመሪያው ሳምንት ስማችሁን፣ ስልካችሁንና ኢሜይላችሁን እንዲያስመዘግብ ንገሩት። ኦምቡድስማኑን ማግኛው ልጁ ራሱ፣ የክፍሉ ድረ ገጽ ወይም በየጦር ሰፈሩ ያለው የቤተሰብ ድጋፍ ማዕከል ነው።

ስትጽፉላቸው አጭር አድርጉት። የልጁ ሙሉ ስም በወታደራዊ መታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ የእኛ ሰው በአባት ስምና በአያት ስም እያምታታ ሌላ ተማሪ እንዲፈለግ ያደርጋል። ማዕረጉን፣ የሚማረውን ሙያና የክፍሉን ስም ጨምሩ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ። አምስት ጥያቄ በአንድ ኢሜይል ከላካችሁ ለሁለቱ ብቻ መልስ ቢመጣ አትገረሙ። የፈተና ውጤት፣ የሕክምና ጉዳይና ቅጣት አይነግሯችሁም። ይህ ክፋት አይደለም፤ ልጁ በሕግ አዋቂ ነው፣ መረጃውም የግሉ ነው። የሰማችሁት ነገር ራስን ስለመጉዳት ወይም በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት ከሆነ ደግሞ እሳቸው ዝም ማለት አይችሉም፣ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው።

እኚህን ሴት የምናመሰግንበት ዋናው ነገር ትክክለኛውን በር ወዲያው ማሳየታቸው ነው። ከሁሉ በላይ የጠቀመው በሐዘንና በከባድ ሕመም ጊዜ ያለው አካሄድ ነው። ወላጅ መጀመሪያ የሚደውለው ለልጁ ነው፤ ልጁ እያለቀሰ አለቃው ዘንድ ይሄዳል፣ አለቃው ደግሞ የተረጋገጠ መልእክት ይጠይቃል። ሰዓታት የሚባክኑት እዚህ ላይ ነው። መልእክቱን አረጋግጦ ለክፍሉ የሚያደርሰው የአሜሪካ ቀይ መስቀል ነው። በ1-877-272-7337 ቀንም ሌሊትም ይደወላል። ከመደወላችሁ በፊት እነዚህን አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ የልጁን ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የትውልድ ቀን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የመከላከያ መታወቂያ ቁጥር፣ የክፍሉን ስምና አድራሻ፤ ከዚያም የታመመውን ወይም ያረፈውን ሰው ስምና ዝምድና፣ የሆስፒታሉን ስም፣ ጉዳዩን ሊያረጋግጥ የሚችል ሐኪም ወይም የቀብር አስፈጻሚ ስልክ። ሕመምተኛው ኢትዮጵያ ከሆነ የዋርዱን ስምና አልጋው አጠገብ ያለ፣ ስልክ የሚያነሳ ዘመድ ቁጥር ያዙ። የሰዓቱንም ልዩነት አስቡበት፤ ቀይ መስቀል በአሜሪካ ከሰዓት በኋላ ሲደውል እዚያ ሌሊት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እኛ ዘንድ አክስትም እናት ናት፣ የአጎት ልጅም ወንድም ነው። ቀይ መስቀል ዘንድ አይደለም። ቅድሚያ የሚሰጠው ለወላጅ፣ ለትዳር አጋር፣ ለልጅና ለወንድም እህት ነው። አክስቱ ወይም አያቱ ካሳደጉት «በወላጅ ቦታ ሆነው ያሳደጉት ናቸው» በሉ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመቱ አብሯቸው እንደኖረም ተናገሩ። «እናቱ ናት» ብላችሁ ሲጣራ አክስት ሆና ከተገኘች ግን ጉዳዩ ሁሉ ይጠረጠራል።

ቀይ መስቀል ፈቃድ አይሰጥም፤ የሚሰጠው አዛዡ ነው። የሚወሰደውም ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከልጁ ዓመት ፈቃድ ላይ ይቀነሳል። በወር የሚጠራቀመው 2.5 ቀን ስለሆነ አዲስ ተማሪ ያለችው ጥቂት ናት፣ ቀሪውን ወደፊት ከሚያገኘው ተበድሮ ይወስዳል። ከአሜሪካ ውጭ ለመጓዝ ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፓስፖርቱ እናንተ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ያ ሁሉ ተፈቅዶም አይሄድም፣ አብሮት ይሁን። ከትምህርቱ ብዙ ቀን ከቀረ ከኋላው ወደሚመጣው የተማሪዎች ቡድን ሊዛወር ይችላል፤ ይህ ቅጣት አይደለም።

ለአውሮፕላን ቲኬት ገንዘብ ካጠረ በ1904 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የባህር ኃይልና የማሪን ኮር መረዳጃ ማኅበር ወለድ የሌለው ብድር፣ አንዳንዴም ስጦታ ይሰጣል። የሚያመለክተው ልጁ ራሱ ነው፤ መታወቂያውን፣ የደመወዝ መግለጫውን፣ ማለትም ኤል ኢ ኤሱን፣ እና የፈቃድ ወረቀቱን ይዞ ይቅረብ። ደመወዝ በየወሩ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ይገባል። ገንዘብ ከተነሳ፣ ጦር ሰፈር አጠገብ ያሉ መኪና ሻጮች ወጣቱን በከባድ ወለድ እንዳይጠምዱት ተጠንቀቁ። ለወታደር የሚሰጥ ብድር ወለድ ከ36 በመቶ እንዳይበልጥ የሚከለክለው ሕግ፣ መኪናውን ራሱን መያዣ አድርጎ የሚሰጥን የመኪና መግዣ ብድር አይመለከትም። «ለወታደር ሕግ አለ» ብሎ መፈረም ብዙዎችን ጎድቷል።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ወላጅ ሊያደርግ የሚችለው ከሚገምተው ያነሰ ነው። ጉስ ክሪክ፣ ሳውዝ ካሮላይና ያለውን የኒውክሌር ትምህርት ቤት ብንወስድ ማለፊያው ከ4.0 ውስጥ 2.5 ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ትምህርቱ ምሥጢር ስለሆነ ደብተሩም መጽሐፉም ከሕንፃው አይወጣም፣ ጥናቱ እዚያው ነው፣ ስልክም አይገባም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስልክ ካላነሳ አትደናገጡ። «ያልገባህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ኢንጂነር አጎትህ ያስረዳሃል» ማለት ልጁን ትልቅ ጣጣ ውስጥ መክተት ነው። ተማሪ ፈተና ሲወድቅ ተጨማሪ የግዴታ ጥናት ይመደብለታል፤ ከቀጠለ ጉዳዩን ቦርድ ያየዋል፤ ከኋላው ወዳለው የተማሪዎች ቡድን ይመልሱታል ወይም ከሙያው ያስወጡታል። ከሙያው የወጣ ልጅ ከባህር ኃይሉ አይወጣም፣ እነሱ በሚፈልጉት ሌላ ሥራ ይመደባል። ይህን ቀድማችሁ ካወቃችሁ ያን ዕለት የምትሉት ቃል ይለያል። ትምህርት ቤቱ ደውሎ መከራከር ግን ዋጋ የለውም። ልጁን የከበደው ነገር ካለ ቻፕሊኑ፣ ማለትም የጦሩ የሃይማኖት አባት፣ ጋ ይሂድ፤ ለቻፕሊን በምሥጢር የተነገረ ነገር ያለ ልጁ ፈቃድ ለአዛዡም አይደርስም። ሚሊተሪ ዋን ሶርስ የሚባለው የወታደርና የቤተሰብ መርጃ አገልግሎት በ1-800-342-9647 ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ጊዜ ነፃ ምክር ይሰጣል። ራሱን የመጉዳት አደጋ ከታያችሁ የቀውስ መርጃ መስመር ወደሆነው 988 ደውሎ 1 መጫን ነው፣ ኦምቡድስማን አትጠብቁ።

ክሊራንስ፣ ማለትም ምሥጢር ለማየት የሚሰጥ የደኅንነት ፈቃድ፣ የሚጠይቅ ሙያ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኒውክሌር ወይም ክሪፕቶሎጂ (የምሥጢር መልእክት ሥራ)፣ የኦምቡድስማኗ እጅ አይደርስበትም፣ እሳቸውም ይህን በግልጽ ይናገራሉ። ትምህርቱን ጨርሶ ክሊራንሱ ስላልመጣ ብቻ ቆሞ የሚጠብቅ ተማሪ አለ። ቤተሰብ የሚረዳው መረጃ በማዘጋጀት ነው። ኤስ ኤፍ 86 የሚባለው ቅጽ የወላጆችንና የወንድም እህትን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ዜግነትና አድራሻ፣ ውጭ የተወለደ ዜጋ ከሆነ የዜግነት ወረቀቱን ቁጥር ይጠይቃል። ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር ያለ ቅርበትና ለውጭ ዜጋ የተላከ ገንዘብም ይጠየቃል። የእኛ ቤት ችግር ቀኑ ላይ ነው። አባት ጥር 15 ቀን 1958 ዓ.ም. ከተወለደ ጃንዋሪ 23፣ 1966 ነው፤ ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ወሩንና ቀኑን በግምት የሞላ ግን በየሰነዱ የተለያየ ቀን ይኖረዋል። ሰነዶቹን አንድ ላይ አስቀምጡ፣ የሚለያየውን ምልክት አድርጉበት፣ ምክንያቱንም ለልጁ ንገሩት፤ መርማሪ ሲጠይቀው ያለ መንተባተብ ይመልስ። አዲስ አበባ አያት መኖራቸው ኃጢአት አይደለም፤ መደበቁ ነው ጉዳት።

ስለ ፖስታ ባጭሩ፦ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይላካል፤ ሽሮ አትላኩ፣ ባራክ (የወታደር ማደሪያ) ውስጥ የሚሠራበት ምድጃ የለም። ጫት በአሜሪካ የተከለከለ ነው፣ ባህላዊ መድኃኒትም አይላክ። ፓፒ ሲድ፣ ኦፒየም ከሚገኝበት ተክል የሚመጣው ጥቃቅን ዘር፣ የተነሰነሰበት ዳቦ የሽንት ምርመራ ሊያበላሽ ስለሚችል የመከላከያ ሚኒስቴሩ በ2023 እ.ኤ.አ. ወታደሮች እንዲርቁት አሳስቧል። ለምረቃ ስትሄዱ ሪል አይዲ፣ ማለትም የፌዴራሉን መስፈርት ያሟላ መታወቂያ ወይም መንጃ ፈቃድ፣ ያዙ፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚገባ እንግዳ ካለ ልጁ ቀደም ብሎ ያስመዝግብ፣ በር ላይ አይፈታም።

ኦምቡድስማን በገንዘብ አይመሰገንም። የሚጠቅማቸው ለክፍሉ አዛዥ የሚላክ አጭር ደብዳቤ ነው፦ ምን እንደተጠየቁ፣ በስንት ጊዜ እንደመለሱ፣ ወዴት እንደመሩ። የኦምቡድስማን የምስጋና ቀን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 14 ነው፣ እንቁጣጣሽ በሰነበተ በሦስተኛው ቀን ግድም፤ ደብዳቤው ከዚያ በፊት ቢደርስ ይመረጣል።