በደላላ ወይስ በገዛ እጅ?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ከጓደኛዬ ጋር ክርክር ገጠምን። አንድ አገር የሰው አገር አማፂ ማስታጠቅ ካማረው የቱ ይሻለዋል? በሦስተኛ ወገን በኩል ማቀበል ወይስ ራሱ መልምሎ ማሠልጠን?

የመጀመሪያውን አሜሪካ አፍጋኒስታን ላይ፣ የሶቪየትን ጦር ለሚወጉት አማፂዎች ሞክራዋለች። ገንዘቡ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት የሲአይኤ ነበር። መሣሪያውን የሚያድለው ግን የፓኪስታን የስለላ ድርጅት አይኤስአይ ነው። «ሶቪየቶች በ1989 ወጡ አይደል?» ይለኛል ጓደኛዬ። ወጥተዋል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግን መሣሪያ አዳዩ አይኤስአይም የራሱ ወዳጅ ነበረው። ትልቁ ድርሻ ለአማፂው መሪ ለጉልቡዲን ሄክማትያር ደረሰ። በ1992 የካቡል መንግሥት ሲወድቅ ሰውዬው ከተማዋን በሮኬት ደበደባት። ከ1986 ጀምሮ የታደሉትን ስቲንገር የተባሉ በትከሻ የሚተኮሱ ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤሎችማ ሲአይኤ በ1990ዎቹ መልሶ ለመግዛት ሲሯሯጥ ከረመ። የሰጡትን ዕቃ በገንዘብ መለመን! እዚህ የደንገል ታንኳ ያዋሰ ሰው እንኳ እንዲህ አይቸገርም።

ሁለተኛው ሶሪያ ላይ ታየ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ፔንታጎን ተዋጊ እያጣራ እንዲያሠለጥን 500 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። በሴፕቴምበር 2015 በመካከለኛው ምሥራቅ የአሜሪካ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ሎይድ ኦስቲን ለሴኔት ቀርበው ከሠለጠኑት ውጊያ ላይ ያሉት አራት ወይም አምስት ብቻ ናቸው አሉ። በዚያው ወር ሌሎች ሠልጣኞች ፒካፕ መኪናና ጥይት የአልቃይዳ የሶሪያ ክንፍ ለነበረው ለኑስራ ግንባር አስረከቡ።

ምረጥ ካላችሁኝ ሁለተኛውን ነው። ጉዱ ቶሎ ወጣ፤ የባከነውም በቁጥር ታወቀ። ጓደኛዬ ግን አልተዋጠለትም። «በአምስት ሰው ማን ያሸንፋል?» ብሎ ሁለተኛ ቡና አዘዘ።