ትል፣ ኮምፖስት ወይስ ጠርሙስ? ለድሬ ግቢ የቱ ይሻላል?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የተከራየሁት ግቢ ድሮ የባጃጅ ጋራዥ ነበር። ግማሹ አሸዋ ነው፤ ያጠጣችሁትን ውሃ ወዲያው ውጦ ይደርቃል። ሌላው ግማሽ የተቃጠለ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ውሃ ስታፈሱበት ላዩ ላይ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። አንዱ አፈር ተርቧል፣ ሌላው ተመርዟል። ሻጩ ግን ለሁለቱም ያው አንድ የባክቴሪያ ጠርሙስ ነው የሚያወጣላችሁ። እኔም ገዝቼ ተሸውጃለሁ።

ከተራበው ልጀምር። አሁን የሁሉም ወሬ ቨርሚኮምፖስት ነው፤ ቀይ ትል የጓዳ ትራፊ በልቶ የሚያወጣው ጥቁር አፈር። ጥራቱ አያከራክርም። አይሸትም፣ ችግኝ አያቃጥልም። ችግሩ ትሉ የሚመቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ መሆኑ ነው። ከ35 ካለፈ ይሞታል። ሐረር ያለችው አክስቴ ሳጥኑን ደረጃ ስር አስቀምጣ ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ። እኔ የጀመርኩት በግንቦት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስከፍተው ትሎቹ ሊያመልጡ ሲሉ ክዳኑ ላይ ተጣብቀው ደርቀዋል። አቦ፣ የድሬን ግንቦት እኛስ መች ቻልነው! ሐረር ከሆናችሁ ትሉን ግዙ። ድሬ ከሆናችሁ ያለቀለትን ቨርሚኮምፖስት በኪሎ ግዙ፣ ትሉን ተዉት።

ተራ ኮምፖስት ሙቀት አይፈራም። እንዲያውም ክምሩ ራሱ ውስጡን እስከ 60 ዲግሪ ድረስ አሙቆ የአረም ዘር ይገድላል። የሚጎዳው ድርቀት ነው። እፍኝ አንስታችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ካወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። ገራባ፣ ማለትም የጫት ትራፊ፣ ደግሞ እዚህ በነፃ ይገኛል፣ ፍየሎቹ ካልቀደሟችሁ። ከበግ በጠጥ ጋር ቀላቅሉት፣ በየሳምንቱ አገላብጡት። ጫት ላይ መድኃኒት ስለሚረጭ ገራባውን በደንብ ሳይበሰብስ እንዳትጠቀሙበት። ለኪስም ለድሬም የኔ ምርጫ ይሄ ነው።

ባዮቻር፣ ማለትም ለአፈር ተብሎ የሚከሰል ከሰል፣ ለደጋው ኮምጣጣ አፈር ያምራል። የኔ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ ባደርግበት ተሽ ብሎ አረፋ ደፈቀ፤ ኖራ ሞልቶታል ማለት ነው። ባዮቻር አሲድ የሚቀንስ ነገር ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ አፈር ገንዘብ አላወጣም።

አሁን ወደ ተመረዘው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው «ዘይት በሊታ ባክቴሪያ» ነው ይሏችኋል። ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ ድሮም አሉ። ያጡት አየር፣ እርጥበትና ናይትሮጅን ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ስታፈስ፣ ዳርቻው ላይ ማዳበሪያ የተረጨው እዚያው ያሉትን ባክቴሪያዎች ለመቀለብ ነበር። እኔም የጠርሙሱን ነገር ትቼ የጠቆረውን አፈር አንድ ክንድ ያህል ቆፈርኩ፣ ፍግና ጭድ ቀላቀልኩበት፣ እያረጠብኩ በየሳምንቱ አገላበጥኩት። ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ አለብሰዋለሁ፣ ጎርፉ ዘይቱን ወደ ጎረቤት እንዳይወስደው። ስድስት ወር ሆነኝ። ሽታው ቀንሷል፣ ውሃም መስረግ ጀምሯል። የቸኮለ ሰው ግን አይሞክረው።

ባክቴሪያ ዘይቱን ይበላል እንጂ እርሳስን የመሰለ ብረት አያጠፋም። ለዚያ የሱፍ አበባ ወይም ቬቲቨር የሚባል ሣር ይመከራል። ሱፍ ብረቱን ወደ አገዳና ቅጠሉ ይስባል። ታዲያ አገዳውን የት ትጥሉታላችሁ? የሰፈሩ ፍየል አይምርም። ቬቲቨር የሚይዘውን በብዛት ሥሩ ላይ ያስቀረዋል፤ ሥሩም እስከ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚወርድ አሸዋውን ከጎርፍ ይይዛል። ስለዚህ በአጥሩ ዙሪያ ቬቲቨር ተክያለሁ። ላብራቶሪ እርሳሱን እስኪለካልኝ ድረስ ያ የጠቆረው ክፍል ምግብ አይበቅልበትም። ቲማቲሙ ሌላ አፈር በሞላሁት የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው ያለው።