አሥር ጣት፣ አምስት ወር፦ በቤቴ የሞከርኳቸው የጥፍር ማጠንከሪያዎችና ኩቴክሶች

ግንቦት 2017 ለእህቴ ሠርግ ያሠራሁት የጥፍር ጄል፣ ያ በመብራት የሚጠነክረው ቀለም፣ አምሮብኝ ነበር። ጣጣው የመጣው ሲነሳ ነው። ሠርጉ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት አንድ የውበት ሳሎን ገብቼ «አንሱልኝ» አልኩ። ልጅቷ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስለበዛባት ቸኩላለች፤ ማስለቀቂያው ፈሳሽ፣ አሴቶኑ፣ እስኪያርሰው አልታገሰችም፣ በእንጨቷ እየፈለፈለች አነሳችው። ከጄሉ ጋር የራሴ ጥፍር የላይኛው ንጣፍ አብሮ ተላጠ። ቤት ገብቼ ሳየው ጥፍሬ እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል፣ ሙቅ ውኃ ሲነካው ያንገበግበኛል። ያን ማታ ቡና አፍልቼ ሲኒ ማጠብ አቅቶኝ እማዬ አጠበችልኝ።

ሥራዬ ባንክ ነው፤ ካሸር ነኝ። ፊቴን ቀና ብሎ የማያይ ደንበኛ እንኳ እጄን ያያል፤ ብሩን ስቆጥር ዓይኑ ከጣቴ አይነቀልም። ቀኑን ሙሉ ብር መቁጠር ደግሞ የእጅን ወዝ ይመጥጣል። የተሰነጠቀ ጥፍር በብር ኖት ጠርዝ ሲያዝ ያለውን ሕመም የምታውቀው የሙያ አጋሬ ብቻ ናት። ስለዚህ ሳሎኑን ተውኩና የራሴን ጥፍር በራሴ ላድን ቆረጥኩ። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያደረግኩትን ነው የምጽፈው።

አካሄዴ ይህ ነበር። በግራ እጄ ላይ ማጠንከሪያ ብቻ፣ በቀኝ እጄ ላይ ዘይት ብቻ። ሁሉንም በሁለቱም እጅ ብቀባ የትኛው እንደጠቀመኝ በምን አውቃለሁ? ቀኝ እጅ የበለጠ ስለሚሠራ ፍርዱ እንዳይዛባ በሁለተኛው ወር መጨረሻ አቀያየርኳቸው።

መጀመሪያ የገዛሁት ማጠንከሪያ ከመርካቶ ነው፤ ርካሽ፣ ግልጽ ቀለም ያለው፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ያለው። ስሙን አልጠራም። ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል ፎርማልዲሃይድ የሚል ቃል ሰፍሯል፤ መጠኑ ግን የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ተአምር ነበሩ። ጥፍሬን በጠረጴዛ ላይ ሳንኳኳው እንደ ጠጠር ድምፅ ያወጣል። ለባልደረቦቼ ሁሉ «ግዙ» አልኳቸው፤ ሁለቱ ገዙ፣ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በአምስተኛው ሳምንት የሌባ ጣቴ ጥፍር መሳቢያ ስከፍት ቀጭ አለ፤ ሳይታጠፍ፣ ሳይላላ፣ ልክ እንደ ድርቆሽ። በማግስቱ የቀለበት ጣቴ ተከተለው። በጥፍሬ ዙሪያ ያለው ቆዳም ቀልቶ ያሳክከኝ ጀመር።

ምክንያቱን የነገረችኝ ፋርማሲ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ጥፍር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ፎርማልዲሃይድ የኬራቲኑን ክሮች እርስ በርሳቸው ያስራቸዋል። የመጀመሪያው ማሰር ጥንካሬ ነው፤ እየደጋገሙ ሲያስሩት ግን መለመጥ ያቅተዋል፣ መለመጥ ያቃተው ደግሞ ይሰበራል። የአውሮፓ ኅብረት በጥፍር ማጠንከሪያ ውስጥ ያለው ፎርማልዲሃይድ ከ2.2 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። መጠኑ ያልተጻፈበትን ብልቃጥ ለአምስት ሳምንት ያለ ዕረፍት መቀባቴ ጥፋቴ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ማጠንከሪያ የምትጠቀሙ ካላችሁ ጥፍራችሁ ልል ከሆነ ለአጭር ጊዜ ተቀብታችሁ አቁሙት፤ ድሮውንም ደርቆ የሚሰነጠቅ ጥፍር ላይ ግን ጨርሶ አትቀቡት። ልል ነው ወይስ ደረቅ? ጣታችሁን ታጥባችሁ ጫፉን በቀስታ ገፋ አድርጉት። እንደ ላስቲክ ከታጠፈ ልል ነው፤ ታጠፍ ሲሉት ከተሰነጠቀ ደረቅ ነው። ይህችን ከሁሉ በፊት ባውቃት ሁለት ጥፍር ይተርፈኝ ነበር።

ሁለተኛው ማጠንከሪያ ኦፒአይ ኔይል ኤንቪ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። በአገራችን ገንዘብ ሲመነዘር ዋጋው ያስደነግጣል፣ አልደብቅም። የቀባሁት እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያ ቀን ሁለት ቅብ፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ አንድ ቅብ፣ ሳምንት ሲሞላ አስለቅቆ እንደገና መጀመር። በሦስት ሳምንት ጥፍሬ ሳይደርቅ ጫፉ መላጥ አቆመ። እኔ የወደድኩለት እንደ ጋሻ መሆኑን ነው፤ ሳንቲም ስለቅም፣ ስቴፕለር ስነቅል የሚላጠው እሱ እንጂ ጥፍሬ አይደለም። ገንዘቡ ላላት «ግዢ» ልበላት? አዎ፤ ግን ዘይቱን ሳትሞክሪ በእሱ አትጀምሪ።

ወደ ዘይቱ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነውና።

የምናየው ጥፍር የሞተ ነገር ነው። ሕይወት ያለው ሥሩ ከቆዳው በታች ነው። ስለዚህ ብልቃጥ ላይ «ጥፍርን የሚመግብ» የሚል ቃል ሳይ አሁን አላምንም፤ የሞተ ነገር አይመገብም። ጥፍርን የሚጎዳው ዋናው ነገር ውኃ ነው። ሲነከር ንጣፎቹ ያብጣሉ፣ ሲደርቅ ይሟሽሻሉ፤ በቀን አሥር ጊዜ እንዲህ ሲሆን ንጣፉ ከንጣፉ ይላቀቃል። ሊጥ ማቡካት፣ ሰሐን፣ የልጅ ልብስ፣ ሲኒ፤ የቤታችንን ሥራ ቁጠሩት። ዘይት ይህን ውኃ መግባትና መውጣት ያዘገየዋል፤ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፣ ይበቃልም።

የጉሎ ዘይት ሞከርኩ፤ ወፍራም ነው፣ ትራሴን አጨቀየው። እማዬ «እጅሽን ቅቤ ቀቢ፣ ምን ታዞሪያለሽ» አለችኝ፤ እውነትም ቅቤ ጥፍሬን አለስልሶታል፣ ግን ጠዋት ባንክ መስኮት ላይ በቅቤ ሽታ መቀመጥ አልቻልኩም። የጸናሁት በአልመንድ ዘይት ነው፤ ከፋርማሲ የገዛኋት ትንሿ ጠርሙስ አራት ወር ቆየችልኝ። ማታ ማታ ዜና እያየሁ ለእያንዳንዱ ጥፍር አንዲት ጠብታ፤ መጀመሪያ ሥሩ ላይ ካለው ቀጭን ቆዳ ላይ በአውራ ጣቴ ክብ እያደረግሁ አሻለሁ፣ ቀጥሎ እጄን ገልብጬ ከጥፍሩ ጫፍ ሥር አስገባዋለሁ። ብዙ ሰው ይቺን የጫፉን ሥር ይረሳታል፤ መሰንጠቅ የሚጀምረው ግን ከጫፍ ነው። በላዩ ላይ ስስ ቫዝሊን፤ ከዚያ መተኛት። ሰሐን ሳጥብ ጓንት አደርጋለሁ፣ እሱንም እንደ ሕክምና ቆጥሩት። በሁለተኛው ወር መጨረሻ የቀኝ እጄ አምስት ጥፍር ሙሉ ነበር፤ የግራው ሁለቱ ተሰብረዋል። እጄን ቀይሬ ስሞክርም ዘይት የተቀባው እጅ አላሳፈረኝም።

በመሐሉ አንዲት ባልደረባዬ የባዮቲን ክኒን አመጣችልኝ። ፋርማሲስት ጓደኛዬ ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንደኛ፣ ባዮቲን የማይጎድለውን ሰው ጥፍር ስለማጠንከሩ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ሁለተኛውና የሚያስፈራው፣ ብዙ መጠን ያለው ባዮቲን የደም ምርመራ ውጤትን ያዛባል፤ የታይሮይድንም፣ የልብ ሕመም የሚታወቅበትን ትሮፖኒንንም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ አስጠንቅቋል። የምትወስዱ ካላችሁ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪም ንገሩ። ጥፍራችሁ መሐሉ ጎድጉዶ እንደ ማንኪያ ከሆነ ደግሞ ኩቴክስ ቤት ሳይሆን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የብረት ማነስ ሊሆን ይችላል።

አሁን ቀለሞቹ። እኛ ሁሉንም የጥፍር ቀለም ኩቴክስ እንላለን፤ ኩቴክስ ግን እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካ ውስጥ የጥፍር ሥር ቆዳ ማለስለሻ ሆኖ የተጀመረ የአንድ ምርት ስም ነው። ስሙ ከምርቱ አልፎ የሁሉ መጠሪያ ሆነልን።

ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት ደማቅ ቀይ ሁለት ቀን ነው የቆየው። ቀለሙን ወድጄው ነበር፤ ግን ብልቃጡ ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደተከደነ እንጃ፣ ወፍሮ እንደ ማር ይለጠጣል። ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ግልጽ ቅብ፣ ቤዝ ኮቱን፣ ሳልቀባ ስለነበር ሳስለቅቀው ጥፍሬ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ቀይና ጥቁር የምትወዱ ቤዝ ኮት አትዝለሉ። ስትገዙም ብልቃጡን አዘንብሉት፤ ቀለሙ ፈሰስ ካላለ ይቅርባችሁ።

ኤሲ ባሌት ስሊፐርስ የሚሉት ፈዛዛ ሮዝ ደግሞ ልቤን ወስዶታል። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ያለ ቀለም ነው፤ የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ይቀቡት እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ለእኔ የጠቀመኝ ሌላ ነው፦ ከጥፍር መልክ ብዙ ስለማይርቅ ጫፉ ሲላጥ ዓይን ውስጥ አይገባም። ብር እየቆጠርኩ ስድስት ቀን ሙሉ ቆይቶልኛል፤ በላዩ ግን ሴሽ ቪት የሚባለውን ቶፕ ኮት፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ የሚደረብ ግልጽ ቅብ፣ አድርጌበት ነው። ይህ ቶፕ ኮት የሚቀባው ቀለሙ ሳይደርቅ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አብሮ ያደርቀዋል። እሑድ ከሰዓት ተቀብቼ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የልጄን ጫማ አስሬለታለሁ።

አቀባቡ ከብልቃጡ ዋጋ ይበልጣል። ብልቃጡን አትነቅንቁት፣ አረፋ ይገባበታል፤ በሁለት መዳፋችሁ መሐል አንከባሉት። ጥፍሩን በአሴቶን ባረሰረሰ ጥጥ አንዴ ጥረጉት፣ የማታው ዘይት ካለ ቀለም አይይዝም። ብሩሹን አፉ ላይ ጠረግ አድርጋችሁ መሐሉን፣ ግራውን፣ ቀኙን፤ ሦስት ጊዜ፣ በቃ። መጨረሻ ላይ ብሩሹን በጥፍሩ ጫፍ ውፍረት ላይ አግድም ሳብ አድርጉት። እኔ ይህችን ሳላውቅ ቀለሜ በሁለተኛው ቀን ከጫፍ ይቀረፍ ነበር። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ ይሻላል። ሐምሌ ላይ አንድ ማታ መሐል ላይ መብራት ጠፍቶብኝ በስልክ ብርሃን አንድ ወፍራም ቅብ ደልቄ ተኛሁ፤ ጠዋት የአንሶላው መስመር ጥፍሬ ላይ ታትሞ አገኘሁት።

ወደ ጄል ትመለሻለሽ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ለአሁኑ አልመለስም። ጄሉን በመብራት ለማጠንከር ከሚገቡት ነገሮች አንዱ የሆነው ቲፒኦ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በመዋቢያ ውስጥ ታግዷል። እኛ ጋ የሚገባው ብልቃጥ ውስጥ ይኑር አይኑር ሻጩን ብጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም። የምታሠሩ ግን ሲነሳ እንዳይፈለፈል እምቢ በሉ። በአሴቶን የራሰ ጥጥ፣ በላዩ ፎይል፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ፤ በራሱ ልቅቅ ይላል። ሳሎኑ ጊዜ የለኝም ካለ ቤታችሁ ሂዱና ራሳችሁ አድርጉት።

ለመስቀል እማዬ ከሾላ ገበያ እንሶስላ ይዛ መጣች። ሥሩን ወቅጣ፣ በሁለት ጣቶቼ ላይ አድርጋ በጨርቅ ጠቀለለችልኝ፤ አድሮ ጠዋት ሲፈታ የመሐል ጣቴና የአውራ ጣቴ ጥፍር እንደ ጠቆረ ቀይ ወይን ሆኗል። እሷ ልጅ ሆና ጎጃም ለሠርግና ለበዓል ሲደረግላት ቀለሙ ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ አብሯት ይኖር እንደነበር አጫወተችኝ። እኔን የደነቀኝ ግን እድገቱን ያሳየኝ መሆኑ ነው። በየሳምንቱ ሥሩ ላይ ንጹሕ ጥፍር ብቅ እያለ ቀለሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። በልጄ ማስመሪያ እለካው ነበር፤ በኅዳር አጋማሽ፣ በሁለት ወሩ፣ የመሐል ጣቴ ስድስት ሚሊሜትር ወጥቷል፣ አውራ ጣቴ አምስት። በወር ሦስት ሚሊሜትር አካባቢ መሆኑ ነው። አንድ የእጅ ጥፍር ሙሉ ለሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ያህል የሚፈጅበትም በዚህ ነው። በሳምንት ውስጥ የተጎዳ ጥፍር ያድናል ተብሎ የሚሸጥ ነገር ሲያጋጥማችሁ ይህን ማስመሪያ አስታውሱት።

አሁን መሳቢያዬ ውስጥ የቀሩት አራት ናቸው፦ የአልመንድ ዘይቱ፣ ግማሽ የደረሰው ኔይል ኤንቪ፣ ሮዙ ኤሲና ቶፕ ኮቱ። ሰኔ ላይ ከተላጠው ጥፍር የቀረኝ በግራ አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ ያለች ነጭ መስመር ብቻ ናት። ከእንሶስላው ቀለም በላይ፣ ልክ ጠርዙ ላይ ትታያለች። በመጪው ቅዳሜ እቆርጣታለሁ።