ለታጠነ ዓሣ የትኛው ኤርፍራየር? ባለ አንድ መሳቢያ፣ ባለ ሁለት መሳቢያ ወይስ ባለ በር

የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን እያየ ላደገ ሰው የታጠነ ዓሣን ማስረዳት አያደክምም። ጭሱ መዓዛ ይሰጣል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዛል። ልዩነቱ ዓሣው ጭስ ከማየቱ በፊት ጨው መጠጣቱ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ መስኮቱ እንደ ነገሩ በሚከፈት አፓርትመንት ውስጥ ነው። የእሳት አደጋ ደወሉ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቆ ተሰቅሏል። የታጠነ ማኬረል (ቅባታም የባሕር ዓሣ ነው) በመጥበሻ ባሞቅሁ ቁጥር ደወሉ ይጮሃል፣ ጎረቤት በር ይከፍታል፣ እኔም ፎጣ ይዤ ወንበር ላይ እወጣለሁ። ኤርፍራየር፣ ማለትም በሚሽከረከር ትኩስ አየር የሚያበስለውን ማሽን፣ የገዛሁት ከዚህ ለመገላገል ነው። አንዱን ለእህቴ ሰጥቼ ሌላ ገዛሁ፣ ሦስተኛውን ዓይነት ደግሞ ከጓደኛዬ ተውሼ አንድ ሙሉ ጾም ተጠቀምኩበት። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባቶቻችሁ ትቼዋለሁ።)

ከመነሻው ልንገራችሁ፤ ለታጠነ ዓሣ ብላችሁ ውድ ማሽን አትግዙ። ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ በስሎ ነው የሚሸጠው። ከማሽኑ የሚፈለገው ሥጋውን ሳያደርቅ ማሞቅና ቆዳውን ኩርሽም እንዲል ማድረግ ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት፣ ሊትርና «አሥራ ሁለት ሥራ በአንድ» የሚለው ማስታወቂያ ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይጠቅማችሁም።

ከማሽኑ በፊት ዓሣው

እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው በየትኛውም ማሽን ይሳሳታል። የታጠነ ዓሣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በትኩስ ጭስ የታጠነ ነው። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን መመሪያ መሠረት የዚህ ዓሣ ውስጡ ቢያንስ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ የበሰለ ነው። በጣት ሲነኩት በንብር በንብር ይለቃል። ሁለተኛው በቀዝቃዛ ጭስ የታጠነ ነው። ጭሱ ከ30 ዲግሪ ብዙም ስለማያልፍ ሥጋው ጥሬ ነው፤ ያንጸባርቃል፣ እንደ ወረቀት በስሱ ይቆረጣል። ቤግል ከሚባለው ክብ ዳቦ ጋር የሚቀርበው «ኖቫ» የሚሉት ሳልመን ከዚህ ወገን ነው። «ሎክስ» የሚሉት ሳልመን እንኳ፣ ትክክለኛው ከሆነ፣ በጨው ብቻ የተዘጋጀ እንጂ ጭስ የሚባል አይቶ አያውቅም።

ለኤርፍራየር የምመርጠው በትኩስ ጭስ የታጠነ ማኬረል ነው፤ ሌላው ሁሉ ከኋላው ይከተላል። ማኬረል ቅባታም ስለሆነ ትኩስ አየር ቢመታውም ቶሎ አይደርቅም። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ቅባት የሆነ ያጋጥማችኋል። ቲላፒያን፣ የእኛን ቆሮሶ ማለት ነው፣ ብትወስዱ ቅባቱ ከመቶ ሁለት ገደማ ብቻ ነው፤ ታጥኖ ደግሞ ተሞቀ ማለት እንጨት ሆነ ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የሩሲያ ሱቆች ውስጥ ሙሉውን ማኬረል በሁለቱም ዓይነት አጥነው ጎን ለጎን ይሰቅሉታል፤ መልኩም ይመሳሰላል። ሻጩን ጠይቁ። የለንደኖቹ የምታውቁት ኪፐር የሚባለው ሄሪንግና ቢጫው ሃዶክ በቀዝቃዛ ጭስ የታጠኑ ስለሆኑ መብሰል አለባቸው፤ ለኤርፍራየርም ይመቻሉ። በስሱ የተቆረጠውን ሳልመን ግን ተዉት። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው ይነጣል፣ ጨውነቱ ይጎላል፣ የከፈላችሁበት ልስላሴም ይጠፋል።

ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ ካለች ነገሩ ይለወጣል። ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ የሚሸጥ የታጠነ ዓሣ ሊስቴሪያ የሚባል ተህዋሲ ሊኖርበት ስለሚችል 74 ዲግሪ (165 ፋራናይት) እስኪደርስ ሳይሞቅ እንዳትበላው ይመከራል። የምግብ ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፤ ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ግዙት።

ምዕራብ አፍሪካውያን ሱቅ የሚሸጠው ድርቅ ብሎ የታጠፈ ዓሣስ? እሱ የወጥ ነው። በሙቅ ውሃ ይዘፈዝፋል፣ እሾሁ ይለቀማል፣ ወደ ድስት ይገባል። ኤርፍራየር ውስጥ ብትከቱት ድንጋይ ታወጣላችሁ።

ሦስቱ ማሽኖች

ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2010 ኤርፍራየርን ገበያ ላይ ካዋለው ወዲህ የማሽኑ ውስጠ ነገር ብዙም አልተለወጠም። ከላይ የሚግል ሽቦ አለ፣ ከእሱ በላይ ማራገቢያ፣ ከታች ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቅርጫት። የሚለየው ቅርጹ ነው፤ ለዓሣ ደግሞ ቅርጹ ነው ወሳኙ።

ባለ አንድ መሳቢያው ከሁሉም ርካሹ ነው፣ እኔም የያዝኩት እሱን ነው። 4 ሊትር የሚባለው ወለሉ አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር ገደማ ስለሚሆን ሁለት የማኬረል ግማሽ ጎን ለጎን ይተኛበታል። ሙሉ ማኬረል ግን ጭራና ጭንቅላቱ ካልተቆረጠ አይገባም። ሱቅ ስትሄዱ ሊትሩን ትታችሁ ወለሉን በስንዝር ለኩ። ጠባብና ጥልቅ የሆነ 6 ሊትር ከሰፊና አጭር 4 ሊትር የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ዓሣ አይደራረብማ። ትልቁ ጥቅሙ እጥበቱ ነው። ቅባቱ መሳቢያው ውስጥ ይቀራል፤ አውጥታችሁ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥባላችሁ፣ ጨረሳችሁ።

ማኬረሉን ቆዳውን ወደ ላይ አድርጌ በ160 ዲግሪ (320 ፋራናይት) አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በ200 (390) ሁለት ደቂቃ እሰጠዋለሁ። ከመጀመሪያው 200 ላይ ከለቀቃችሁት ቅባቱ ታች ነጥቦ ይጨሳል፤ ደወሉም እንደገና ይጮሃል። ከቅርጫቱ ሥር ሁለት ማንኪያ ውሃ ማድረግ ይረዳል። ሃዶክ በ180 ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ ይፈልጋል፣ ውስጡ 63 ዲግሪ እስኪደርስ። ኪፐርም በዚያው ሙቀት ሰባት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

ባለ ሁለት መሳቢያው ቤተሰብ ላለው ነው። አንዱ ጋ ድንች በ200 ሃያ ደቂቃ፣ ሌላው ጋ ዓሣ በ160፤ እኩል እንዲጨርሱ የሚያደርግ ቁልፍ አላቸው፣ ኒንጃ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው በተለይ። እህቴ ከዚህ በኋላ ወደ ባለ አንዱ አልመለስም ብላለች። እኔን የሚያስከፋኝ የእያንዳንዱ መሳቢያ ጥበት ነው። 8 ሊትር ገዛሁ ያለ ሰው ያለው ሁለት ባለ 4 ሊትር ነው፣ ያውም ቀጠን ያሉ። መደርደሪያ ላይ የሚይዘው ቦታም ቀላል አይደለም።

ባለ በሩ፣ ትንሽ ኦቭን የሚመስለው፣ በፎቶ ከሁሉም ያምራል። ትሪው ሰፊ ነው፣ አራት አምስት የዓሣ ግማሽ ይችላል፣ በመስታወቱም እያያችሁ ታወጣላችሁ። እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ጥሩ ነው። ለታጠነ ዓሣ ግን አልወደድኩትም። ቅባቱ ግድግዳው ላይ፣ ሽቦው ላይ፣ የበሩ ጎማ ውስጥ ይረጫል፤ እነዚህ ደግሞ ወጥተው አይታጠቡም። የጓደኛዬን ስመልስለት በኬኩ ላይ የማኬረል ሽታ አገኘሁ ብሎ እስካሁን ያነሳብኛል። ኬክ፣ ዳቦና ዓሣ በአንድ ማሽን ልትሠሩ ከሆነ ይህን አስቡበት።

በሦስቱም የሚሠራ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዓሣ እንዳይጣበቅ የሚነጠፈው ወረቀት ዓሣው ሳይቀመጥበት ማሽኑ ከበራ ተነስቶ ሽቦው ላይ ይለጠፋል፣ ይቃጠላል። መጀመሪያ ዓሣው፣ ከዚያ ቁልፉ።

«ኤርፍራየሩ ራሱ ያጥናል ወይ?» ለሚሉ፦ ተራው አያጥንም። የእንጨት ስንጥር ውስጡ ማድረግ እሳት መለኮስ ነው። ኒንጃ ውድፋየር የሚባለው ትንንሽ የእንጨት እንክብል እያጨሰ ያበስላል፣ ግን ለደጅ የተሠራ ስለሆነ ጓሮ ለሌለው ሰው አይሆንም።

መጥበሻችሁስ?

ሰፊ መስኮት ካላችሁና ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ መጥበሻ ይበቃል፤ ቆዳውን እንዲያውም የተሻለ ያደርገዋል። ኦቭን ደግሞ ለብዙ ሰው ይሆናል፣ ግን ለሰባት ደቂቃ ሥራ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ማጋል አለባችሁ። የኤርፍራየር ጥቅም እዚህ ነው። 1500 ዋት ማሽን ስምንት ደቂቃ ቢሠራ ከ0.2 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም።

የታጠነ ማኬረል የዓሣ ዱለት ለመሥራት ምቹ መሆኑን እግረ መንገዴን ልጨምር። ካሞቃችሁ በኋላ ፈረፍር አድርጋችሁ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር ለውሱት። ጨው አትጨምሩ፣ ሚጥሚጣውንም መጀመሪያ ቅመሱት፤ የገበያው ብዙውን ጊዜ ጨው አለበት።

አዲስ አበባ ለሚላክ

ብዙ ሰው በሻንጣ ይዞ ይሄዳል፣ ስህተቱም እዚህ ነው የሚበዛው። የአሜሪካ ማሽን 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያ መብራት 220። ሶኬት መቀየሪያ ብቻ አድርጋችሁ ከሰካችሁት ወዲያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይቻላል፤ ለ1700 ዋት ማሽን ግን ከ2000 ዋት በላይ የሚችል ያስፈልጋል፣ እሱም ከኤርፍራየሩ ሊከብድ ይችላል። ከዱባይ የሚመጣው 230 ቮልት ስለሆነ ሶኬቱን ማስተካከል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ከእስራኤልና ከአውሮፓም እንዲሁ።

ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ ሞዴሉን አጣሩ። ኮሶሪ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 የውስጥ ኤሌክትሪክ ሽቦው መገናኛ ከልክ በላይ ሊግልና እሳት ሊያስነሳ ይችላል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 2 ሚሊዮን ያህል ኤርፍራየሮቹን ሰብስቧል። የሞዴል ቁጥሩ ማሽኑ ሥር ተለጥፏል፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጣችሁ አንብቡት።