ግቢዬ ውስጥ የፈታሁት ሃርድቶፕ

ከጥምቀት በኋላ የገዛሁት እ.ኤ.አ. የ1997 ላንድክሩዘር ነው፤ ኤችዜድጄይ 75፣ ረጅሙ ሃርድቶፕ (ጣሪያው ብረት የሆነው)። አሮጌ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ሊያበጅ ለሚያስብ ሰው ያየሁትን ልንገር። እኔ መምህር ነኝ፤ ጎንደር፣ አዘዞ ቤቴ ያለው ክሪክ፣ የቁልፍ ሳጥንና የጎረቤት ምክር ብቻ ነው።

ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ናፍታ ነው። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ኮፈኑን ሲከፍቱት ለእጅ ቦታ አለው፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ትልቅ ነገር ነው።

ሻጩ «ታይሚንግ ቤልቱ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜው የሚያስኬደው ቀበቶ) አዲስ ነው» አለኝ። እንዲህ ሲባሉ አትመኑ። ቤልቱ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሽፋኑን ሳነሳ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት፤ ከነመወጠሪያው ቀየርኩት።

ልቤን ያወለቀው ግን የፊት አክሰሉ፣ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዘንግ፣ ነው። በሁለቱም ጎማ ጀርባ ጥቁር ዝቃጭ ይንጠባጠባል። የውስጡ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ሲያልቅ የዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ጥርስ፣ ዘይት መሪ ወደሚዞርበት ክብ ቤት ይገባና ግራሶውን ያቀልጠዋል። ለመፍታት መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ስድስት ሾጣጣ ዋሸር ነው፤ በጉልበት አይወጡም፣ ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያሉ ሲመቱት ብድግ ይላሉ። ቀጥሎ ያለው ትልቁ ዳዶ 54 ቁጥር ቡሽ (ላዩ ላይ የሚጠለቅ መፍቻ) ይፈልጋል። የኔን ከዚህ በፊት የፈታው ሰው በመሮ ሲቀጠቅጠው ኖሯል፣ ጠርዙ አልቋል። እባካችሁ ቡሹን ተዋሱ።

አዲስ ሲል አስገብቼ፣ ኩሽኔታዎቹን አጥቤ፣ ግራሶ ሞልቼ ገጠምኩ። በሁለት ሳምንቱ የግራው እንደገና አላበ! ሲሉን የሸጠኝን ሰው ስረግም ቆየሁ። ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ጋሼ መጥተው አክሰሉን አዩና «ልጄ፣ ጥፍርህን ብረቱ ላይ አስኪደው» አሉኝ። ጥፍሬ ያዘ። የድሮው ሲል ለዓመታት ሲፈተግበት መስመር ቆፍሮበታል። ሲሉን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው፣ ያልተበላው ብረት ላይ እንዲያርፍ አስገቡልኝ። ሰውየውን በከንቱ ነበር የረገምኩት።

ባሌስትራው (መኪናውን የተሸከመው የብረት ቅጠል) ደረቅ ነው፤ ኋላ የተቀመጠ ሰው ወገቡን ያመዋል። ወደ ኮሶዬ ዳገት ሲወጣም አየሩ ስለሚሳሳበት ያጨሳል፣ ይዘገያል፤ ችኩል ሰው አይግዛው። ለእኔ ግን ክፍሉ በእጅ የሚፈታ፣ ጥፋቱ በዓይን የሚታይ መኪና በመሆኑ ከአዲስ አላሳንሰውም።

ባለፈው ቅዳሜ ደባርቅ ደርሼ ተመለስኩ፤ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግቢ እንደገባሁ ጨርቅ ይዤ ከግራው ጎማ ጀርባ ጠረግኩ። አቧራ ብቻ ነው የወጣው።