ቮልስ ያላችሁ ደሴዎች፣ ለፊት እግር ሥራ ኮምቦልቻ ውረዱ

በርበሬ ወንዝ በኩል ለሚሠሩት፣ ሠፈርተኛው ሁሉ «ጋሼ» ለሚላቸው መካኒክ አላህ ዕድሜ ይስጥልን፣ እግዜር ያክብርልን። እ.ኤ.አ. የ1967 ሥሪት የሆነችው ቮልሳችን ዛሬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን ስትወርድ መሪዋ አይንቀጠቀጥም፣ ወደ ግራም አትጎትትም። ምስጋናው ለእሳቸው፣ ጥቆማው ለእናንተ ነው።

ከዚያ በፊት ሦስት ጋራዥ ገብታለች፤ ስም አልጠራም። የመጀመሪያው መሪው እንደላላ ሲነገረው የመሪ ሳጥኑን ማስተካከያ ብሎን አጠበቀና «አለቀ» ብሎ ሸኛት። የመሪ ሳጥን ግን ይበልጥ የሚበላው መሃሉ ላይ ነው። የመሃሉን ልቅነት ለማጥፋት ብሎ ያጠበቀ ሰው ኩርባ ላይ ያስነክሰዋል፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም። ከ20 ጥቂት በሚበልጥ ኪሎሜትር ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ሁለተኛው አራቱንም ቴስቲና (የመሪውን ዘንግ ጫፍ) ቀየረ፤ ያለቀው ግን ባልጆይንት፣ ማለትም የጎማውን እግር ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ኳስ መገጣጠሚያ ነበር። ሦስተኛው ባሰ። የታችኛውን የግራ ባልጆይንት በመዶሻ ቀጥቅጦ አወጣ፣ የክንዱ ቀዳዳ ሰፋ፣ አዲሱ ሲላወስበት በሳልዳቱራ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያዘው! ሙቀቱ ላስቲኩንም ውስጡ ያለውን ግራሶም ያቃጥለዋል። የግራውን ጎማ ዳዶ ጥርስ የጨረሰውም እሱው ነው። የቮልስ የግራ ፊት ዳዶ በተቃራኒው ነው የሚፈታው። የፍጥነት መለኪያው ገመድም በዚያ እግር መሃል አልፎ ኮፍያው ላይ በትንሽ ስፒና ስለሚያዝ፣ ስፒናው ሳይወጣ ኮፍያውን የጎተተ ገመዱን ይበጥሳል።

ጋሼ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት የጠየቁት «የተሠራችው መቼ ነው?» ብለው ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1965 አጋማሽ የተሠሩት ፊት እግራቸው በፒርኖና በሊንክ ፒን፣ ማለትም በድሮው ዓይነት የብረት ፒን የተያያዘ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ባልጆይንት ሆኑ። ዕቃው አይገናኝም። ይህን ሳይጠይቅ «ዕቃ ግዙና አምጡ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ከዚያ በክሪክ አነሷት፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙ፣ ልጁን ፍሬን እንዲረግጥ አዘዙ። ፍሬን ሲረገጥ መላወሱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ባልጆይንት ወይም ፊት እግሩ ነው። አልጠፋም። በመፈንቀያ ብረት እያነሱ በካሊፐር ለኩ። የላይኛው ባልጆይንት እስከ 2 ሚሊሜትር፣ የታችኛው እስከ 1 ሚሊሜትር መላወስ ይፈቀድለታል። የላይኞቹ ገና 1 ሚሊሜትር አካባቢ ነበሩ፤ የታችኞቹ አልፈዋል። አራት አዲስ ባልጆይንት ቀርቦላቸው ሁለቱን ብቻ ተቀበሉ፤ የቀሩትን «መልሱና ገንዘባችሁን ውሰዱ» አሉ። ቀይረው ቢያስከፍሉ ማን ያውቅባቸዋል?

የሰፋው ክንድ ነበር ትልቁ ችግር። ለሰፋ ቀዳዳ ተብሎ መጠኑ ከፍ ያለ ባልጆይንት ይሠራል፤ በሳልዳቱራ የተነካ ክንድ ላይ ግን አላምንበትም አሉ። ከተበተነች አሮጌ ቮልስ ያስቀመጡትን ክንድ ከመደርደሪያ አወረዱ። ሂሳቡ ሲጠየቅ «ዝገት ሊበላው የነበረ ብረት ነው» ብለው ሳንቲም አልተቀበሉም። ደግነታቸውን ለመናገር ይህ ብቻ ይበቃ ነበር።

ባልጆይንቱ ቶርኖ ቤት ሄዶ በፕሬስ ገባ፣ በመዶሻ አይደለም። ጠርዙ ላይ ያለው ጭረት ከክንዱ ምልክት ጋር ካልገጠመ በአንድ አቅጣጫ ቶሎ ያልቃል። የላይኛው ባልጆይንት ላይ ያለችው ወጣ ገባ ቦኮላ (ቀዳዳዋ ከመሃል የወጣ ቀለበት) ደግሞ የጎማውን ዘንበል ማለት የምታስተካክል ናት፤ መነሻዋ ጭረቷ ወደ ፊት ሲያይ ነው። እንዳገኘ ያሰረ ሰው ጎማውን ከአንድ ጎን ያስበላል።

ግራሶ የሚሰጠው ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ነው፤ መሬት ላይ ቆማ ከሆነ ግራሶው ወደሚፋተገው ቦታ አይደርስም። የፊት ቱቦዎቹ ላይ አራት መስጫ አለ፤ ጥቁሩ ወጥቶ አዲሱ ብቅ እስኪል ይነፋል። የኩሽኔታውን ዳዶ ጎማውን እያዞሩ አጠበቁ፣ ከዚያ ሮንዴላዋ በካቻቪቴ ስትገፋ በጭንቅ እስክትንቀሳቀስ ላላ አደረጉ። ያለልክ የጠበቀው የመሪ ሳጥንም ላላ ተደረገ፣ የጎማዎቹ ፊት ከኋላው 3 ሚሊሜትር ያህል ጠበበ፣ በቃ።

ማሻሻያ የተደረገው ሁለት ነገር ነው፤ 19 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ማረጋጊያ ብረት ከነጠንካራ ላስቲኩ፣ እና የመሪውን ንዝረት የሚውጠው አዲስ የመሪ አሞርዛተር። አሮጌውን በእጅ ሲገፉትና ሲስቡት መሃል ላይ ባዶ ይሄዳል፤ የመሪው መንቀጥቀጥ ግማሹ ከዚያ ነበር። ፊቷን ዝቅ ማድረግ ለሚያምራችሁ ወጣቶች ግን ጋሼ አይሠሩላችሁም፣ አትጨቅጭቋቸው። ባልጆይንቱ ከመጠን በላይ ዘንብሎ ይነክሳል፣ ይሰበራልም።

ሂዱላቸው፣ በእውነት ሂዱላቸው። «ቮልስ የሚሠሩት ሽማግሌ» ብላችሁ ብትጠይቁ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ያሳያችኋል። ደሴ ላይ ጎሚስታ አራቱንም ጎማ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ነፍቶላችሁ ከሆነ ግን ከመውረዳችሁ በፊት አስተንፍሱ፤ ራዲያል ጎማ ከሆነ ፊት 18፣ ኋላ 27 ይበቃታል። ሞተሯ ከኋላ ነው።