ጎቴክ በአሚጋ 500 ላይ፦ የስምንት ወር ልምዴ

ጎቴኩን ያዘዝኩት አሮጌውን ፍሎፒ ድራይቭ ልጥለው ወስኜ ነበር። እዚህ ጀርመን፣ እኔ «የነሱ ምናለሽ ተራ» በምለው የቅዳሜ ገበያ፣ አንድ አሚጋ 500 አገኘሁ። ኮሞዶር እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው፣ ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የሆነ ማሽን ነው። ይበራል። ዲስክ ሲገባለት ግን ድራይቩ ቀጭ ቀጭ ከማለት በቀር ምንም አያነብም። ሻጩ አርባ ዲስክ የያዘ ካርቶን መረቀልኝ።

ጎቴክ ፍሎፒ ድራይቭ መስሎ የሚሠራ ትንሽ ሳጥን ነው። ከኋላው ያው የተለመደው ባለ 34 ፒን መሰኪያ አለው፤ ከፊቱ፣ ዲስክ ይገባበት በነበረው ቦታ፣ ፍላሽ ይሰካል። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው አይደለም የተሠራው፤ ፍሎፒ ለሚጠይቁ የፋብሪካ ማሽኖች ነው። ከእነሱ አንዱ የኮምፒውተር ጥልፍ መኪና ስለሆነ፣ ጥልፍ ቤት ያላችሁ ከእኔ ቀድማችሁ ታውቁት ይሆናል።

ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ፈርምዌር፣ ማለትም ውስጡ ሆኖ የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ አሚጋን አያውቅም። ዕቃውን ዕቃ ያደረገው ኪር ፍሬዘር በነጻ የለቀቀው ፍላሽፍሎፒ የሚባል ፈርምዌር ነው። የመጀመሪያው ጭነት ያስቸግራል፤ ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት የሆነ የዩኤስቢ ኬብል ፍለጋ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ከዚያ በኋላ ግን አዲስ ስሪት ሲወጣ ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርጎ፣ ሁለቱን ቁልፎች ተጭኖ ማብራት ነው። የዲስኩን ቁጥር ብቻ የሚያሳየውን ባለ ሦስት አሃዝ ማሳያ ነቅዬ ትንሽ ኦሌድ ስክሪን ገጠምኩበት። «037» ምን እንደነበር ወረቀት ላይ ከመፈለግ ተገላገልኩ።

ፍጥነት ይጨምርልኛል ብሎ የሚገዛው ያዝናል። ጎቴኩ ዲስክ በደቂቃ 300 ጊዜ እየዞረ እንደሆነ አስመስሎ ነው መረጃውን የሚያቀርበው፤ ስለዚህ ጨዋታው እንደ ድሮው ያስጠብቃል። ዝምታውን ግን መልመድ አቃተኝ። ትንሽ ድምፅ ማውጫ በይጄበት፣ አሁን እንደ እውነተኛ ድራይቭ ይንኳኳል። ባለቤቴ «ዝም ያለውን ምን ያስጮህሃል?» ብላኛለች።

ሌላው ቅሬታዬ ከኮምፒውተሩ ሽፋን ጋር አለመግጠሙ ነው። ቁልፎቹ ከቀዳዳው ጋር አይገናኙም። ሰዎች ሽፋኑን በመጋዝ ይቆርጡታል፤ እኔ አልጨከንኩም። አንድ ጊዜ ደግሞ ሴቭ አድርጌ ወዲያው ስላጠፋሁት ፋይሉ ተበላሽቶብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጽፎ እስኪጨርስ መጠበቅ ነበረብኝ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ያ ካርቶን ነው። አንዳንዶቹ ዲስኮች በእጅ የተጻፈባቸው፣ የአንድ ሰው የግል ሥራ ያለባቸው ናቸው። ጎቴክ ደግሞ ዲስክ አይውጥም። ስለዚህ በስድስተኛው ወር ካቻቢቴ አንስቼ አሮጌውን ድራይቭ ፈታሁት። የሄዱ (ዲስኩን የሚያነበው ክፍል) መንሸራተቻ ላይ የነበረው ግራሶ ደርቆ እንደ ሰም ሆኗል። በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠርጌ፣ በጣም ስስ አድርጌ አዲስ ቀባሁት። ሄዱን በጥጥ ስታጸዱ የላይኛውን ወደ ላይ አትጎትቱት፤ የያዘችው ሞላ ስስ ናት፣ ከተጣመመች ድራይቩ አለቀለት።

ሠራ! ከአርባው 31 ዲስክ አነበበ። መሃል ላይ ሻጋታ ያለበት አንድ ዲስክ ሄዱን አቆሽሾብኝ እንደገና ፈትቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የዲስኩን መከለያ ገፍቼ፣ መሃሉን በጣቴ እያዞርኩ ሳላይ አላስገባም።

አሁን አሮጌው ድራይቭ ቦታው ተመልሷል። ጎቴኩ በውጭ መሰኪያው በኩል ተገጥሟል፤ ኮምፒውተሩ ከየትኛው እንደሚነሳ የምመርጥበት ማብሪያም አለኝ። ዲስኩ በአንዱ ይነበባል፣ በውስጡ ያለው 880 ኪሎባይት በሌላው በኩል ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። ጎቴኩን በ25 ዩሮ ዛሬም እገዛዋለሁ፤ ግን ከድራይቩ ጎን እንጂ በድራይቩ ምትክ አይደለም።

የቀሩኝ ያልተነበቡት ዘጠኙ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱን አወጣና እሞክራለሁ። ያለፈው ሳምንቱ ከ80ው ትራክ (መረጃው የተጻፈበት ክብ መስመር) እስከ 62ኛው ድረስ ሄዶ ቆመ።